የበሬ ዓይን ትል ከየት ይመጣል? እንዴትስ ይዛመታል?

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ለገና ገበያ በሬ ከሚያደልቡ አንባቢ ነው። ጥቅምት መግቢያ ላይ ከወረታ ገበያ አሥር በሬ ገዝተዋል። በሬዎቹ ግቢያቸው ከገቡ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላቸውም። የሦስቱ ዓይን ያነባል። የአንዱን የዓይን ቆብ ገለጥ ሲያደርጉ ነጭ ክር የሚመስል ነገር ሲሳብ አይተዋል። አንዱ ጎረቤት «ይሄ ከረግረግ ሳር የመጣ ነው» አላቸው። ሌላው ደግሞ «ሌሎቹን ሳይዝ ቶሎ ለያቸው» ብሎ መከራቸው። እሳቸው ማወቅ የፈለጉት ይህን ነው፦ ትሉ ከየት መጣ? ወደ ሰባቱ ይተላለፋል ወይ? ግቢ ውስጥ የኖረችው ላሜስ ለምን ምንም አልሆነችም? በሬዎቹ ለገና ይደርሳሉ?

መልሴ ትንሽ ይረዝማል። «ከየት መጣ» የሚለው ካልተፈታ የሚሰጡት መድኃኒት ለአንድ ሰሞን ብቻ ነው የሚሆነው።

መጀመሪያ ቀኑን እንቁጠር። በዓይን ታይቶ ሲሳብ የተያዘ ትል ያደገ ትል ነው። ስሙ ቴላዚያ ይባላል። በአፍሪካ ከብቶች ላይ በብዛት የሚታወቀው ቴላዚያ ሮደሲ የሚባለው ዝርያ ነው፤ በአገራችንም ቄራ ላይ በተመረመሩ ከብቶች ተገኝቷል። ወንዱ ከ8 እስከ 12 ሚሊ ሜትር፣ ሴቷ እስከ 18 ሚሊ ሜትር ትረዝማለች። የትሉ እጭ፣ ማለትም ገና ያላደገው ትል፣ በሬው ዓይን ላይ ካረፈ በኋላ እዚህ መጠን ላይ ለመድረስ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ያስፈልገዋል። በሬዎ እርስዎ ዘንድ ከመጣ ሁለት ሳምንት አልሞላውም። እንግዲህ ትሉ ከእርስዎ ግቢ አልተነሳም። በሬው ይዞት ነው የመጣው።

ይህ ሻጩን ለመውቀስ አይደለም። ሻጩም ሳያውቅ ሊሆን ይችላል። ትል ያለበት ከብት ሁሉ አያለቅስም። ዓይኑ ጥርት ብሎ፣ እየበላና እየጠገበ፣ ቆቡ ሥር ሁለት ሦስት ትል ይዞ ወራት የሚቆይ ብዙ ነው። ስርጭቱን ከሚወስኑት ነገሮች ሁሉ ሰው የሚዘነጋው ይህንን ነው። የሚያለቅሰውን እናክማለን፤ ዝም ያለውን እንተወዋለን። ለሚቀጥለው ወቅት ትሉን የሚያቆየው ግን ዝም ያለው ነው። ላምዎም «ምንም አልሆነችም» ከመባሏ በፊት ዓይኗ ተገልጦ ይታይ።

አሁን ወደ ጎረቤትዎ እንምጣ። ረግረጉን የጠረጠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በጣና ዙሪያና በፎገራ ሜዳ ረግረግ ዳር የጋጠ ከብት የጉበት ትል ይይዘዋል፤ እሱ ውሃ ዳር ከምትኖር ቀንድ አውጣ የሚነሳ ነው። የዓይን ትል ግን በሳርም በውሃም በአፍ አይገባም። በሬ ከበሬ ዓይን ለዓይን ቢተሻሽም አይተላለፍም። አንድ ገንዳ ላይ ቢበሉ፣ አንድ ባልዲ ቢጠጡ፣ ጎን ለጎን ቢታሰሩም እንዲሁ። መሐል ላይ ዝንብ የግድ መኖር አለባት።

የዝንቧን ነገር ቀረብ ብለን እንየው። ሴቷ ትል እንባው ውስጥ በዓይን የማይታዩ እጮች ትለቃለች። እጮቹ ከዓይን ውጭ ከጥቂት ሰዓታት በላይ አይኖሩም። በዚያች አጭር ጊዜ የሙስካ ወገን የሆነች ዝንብ መጥታ እንባውን ከላሰች እጩ ሆዷ ይገባል። እዚህ ላይ ዝንቧ ታክሲ ብቻ አይደለችም፤ እጩ አካሏ ውስጥ ሆኖ ሁለት ጊዜ ቆዳ ይቀይራል፣ ያድጋል። ይህ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል። ካደገ በኋላ ወደ አፏ ይወጣና ሌላ ከብት ዓይን ላይ አርፋ እንባ ስትልስ ይወርዳል።

እነዚህ ዝንቦች አይናከሱም። ዓይን ዳር የሚከማቹት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ እንቁላላቸውን የሚያሳድግላቸው ፕሮቲን እንባው ውስጥ አለ። አፋቸው ላይ የዓይኑን ገጽ የሚፍቁ ጥቃቅን ጥርሶች አሏቸው። ሲፍቁት ዓይኑ ይቆጣል፣ እንባው ይጨምራል፣ እንባው ደግሞ ሌሎች ዝንቦችን ይጠራል። ከጉንጩ ሥር ጸጉሩ ረጥቦ፣ ዝንብ ተሰልፎበት፣ ራሱን እየነቀነቀ የሚቆም በሬ ካዩ ነገሩ በዚህ መልክ እየዞረ ነው ማለት ነው።

ዝንብ ሁሉ ትል ይዛ ትዞራለች ማለት ግን አይደለም። አብዛኞቹ አይዙም። ከያዙትም ብዙዎቹ እጩ ሳይደርስ ይሞታሉ። ስለዚህ የስርጭቱ ጉዳይ የቁጥርና የዕድሜ ጉዳይ ነው፤ ስንት ዝንብ አለ? ስንቷስ ሳምንታት ትቆያለች? ይህን የሚወስነው ደግሞ ወቅቱና እበቱ ነው።

ከክረምት መውጫ ጀምሮ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ሁሉም ነገር ለዝንብ ይመቻል። ፀሐይ ወጥቷል፣ መሬቱ ገና እርጥብ ነው፣ ከብቱ ለምለም ሳር ስለሚግጥ እበቱ ለስላሳ ነው። ሙቀቱ ለዝንቧም፣ ውስጧ ላለው እጭም ፍጥነት ይሰጣል። በጋው ሲበረታ እበቱ በአንድ ቀን ላዩ ይደርቅና ለዝንብ እጭ አይሆንም። ደጋ ላይ፣ ለምሳሌ ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ብርዱ የዝንቧን ዕድገት ያዘገየዋል። ወንዝ ዳር፣ መስኖ አጠገብና ሐይቅ ዳር ግን በጋም ቢሆን እርጥበት ስለማይጠፋ ዝንቡ ሙሉ በሙሉ አይቋረጥም። እርስዎ ያሉት እዚህ መሐል ነው። ዝንቡ ቢቋረጥም እንኳ ያደገው ትል በከብቱ ዓይን ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይኖራል። ዝንቡ በሚቀጥለው ክረምት ማግስት ሲመለስ ትሉ ይጠብቀዋል።

እበቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ነው ገበሬው እጅ ውስጥ ያለው ሥልጣን። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የዓይን ትል ዋና አስተላላፊ ሙስካ አውቱምናሊስ የምትባል የፊት ዝንብ ናት። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1952 ኖቫ ስኮሺያ፣ ካናዳ ውስጥ ነው። ጠባይዋ በደንብ ተጠንቷል። እንቁላል የምትጥለው ሜዳ ላይ በወደቀ፣ ባልተረገጠ፣ ትኩስ እበት ላይ ነው። እንቁላሉ በአንድ ቀን ገደማ ይፈለፈላል። እጮቹ ሞቃት ወቅት ከሆነ ከ3 እስከ 4 ቀን እበቱን በልተው ይወጡና አጠገቡ አፈር ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ ዝንብ ሆነው ይነሳሉ። ተረግጦ ከሽንትና ከገለባ ጋር የተለወሰ የማድለቢያ ፍግ አይመቻትም። ጨለም ያለ ጋጥ ውስጥም ከብቱን ተከትላ አትገባም፤ ደጅ ትቀራለች። በዚህ ምክንያት እዚያ አገር የዓይን ትል በይበልጥ የሜዳ ከብት ችግር ነው፤ አጥር ውስጥ ታጉሮ የሚደልበው በሬ ላይ ቀለል ይላል።

የእኛ አገር የዓይን ዝንቦች ሌሎች የሙስካ ዝርያዎች ናቸው፤ በሁሉም ነገር ይመሳሰላሉ ማለት አይቻልም። ዋናው ሥሌት ግን ለእኛም ይሠራል። ፋጉሎና ሞላሰስ ላይ የምትርመሰመሰው የቤት ዝንብ ዋና ተጠያቂ አይደለችም። ሜዳ ላይ ባለው እበትና በከብቱ ዓይን መካከል የምትመላለሰዋን ይፈልጉ።

ታዲያ ኩበት የሚጠፈጥፉ እናቶች ሳያስቡት ትልቅ ሥራ እየሠሩ ነው። ትኩስ እበት በቀኑ ወይም በማግስቱ ተነስቶ፣ ተጠፍጥፎ፣ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ የዝንቡ እጭ የሚያድግበት ቦታ አጣ ማለት ነው። በአምስተኛው ቀን ከተነሳ ግን ዋጋ የለውም፤ እጩ ወጥቶ አፈር ገብቷል። አፈራችን ያለ ፍግ መቅረቱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን የግብርና ባለሙያዎች ይከራከሩበት።

ሌላዋ ሠራተኛ የእበት ጥንዚዛ ናት። እበቱን ትቆፍራለች፣ ትበትናለች፣ ትቀብራለች። ጥቅሟ እስከምን እንደሚደርስ ለማየት አውስትራሊያን ማየት ይበቃል፤ የዝንብ መዓት ሲያስቸግራቸው እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከአፍሪካ ጭምር የእበት ጥንዚዛ አስመጥተው ሜዳቸው ላይ ለቀዋል። እኛ ግን ያለችንን እየገደልናት ነው። በየወሩ «ያወፍራል» እየተባለ የሚወጋው አይቨርሜክቲን በእበቱ ይወጣል፤ የዝንቡን እጭ ቢገድልም የጥንዚዛዋንም ልጆች ይጎዳል። አይቨርሜክቲን የጥገኛ ትል መድኃኒት እንጂ ማደለቢያ አይደለም። ትል የሌለበትን በሬ አያወፍርም።

ቀጥሎ ያለው የመገናኛ ቦታው ነው። ዝንብና ብዙ ዓይን አንድ ላይ የሚገናኙት የት ነው? እኩለ ቀን ላይ ሾላ ሥር። ወንዝ መሻገሪያ ላይ። የጋራ ግጦሽ ላይ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ጤፉ ታጭዶ ሲነሳ የመንደሩ ከብት ሁሉ ማሳው ላይ በአንድነት ይለቀቃል። የአንዱ ሰው ዝምተኛ ላም የሌላውን ሰው ጥጃ የምታስይዘው እዚያ ነው። ከብቱ ጥላ ሥር ተጠጋግቶ ሲያመሰኳ ዝንቧ ከዓይን ወደ ዓይን ለመዝለል ጥቂት እርምጃ እንኳ አያስፈልጋትም።

ገበያው በአንድ ቀን ብዙ ከብት አያስይዝም። የገበያው ድርሻ መበተን ነው። ቆላ ያደገ በሬ ወደ ደጋ፣ የሜዳ በሬ ወደ ከተማ ዳር ማድለቢያ ይሄዳል። ትሉም አብሮ ይጓዛል። ደርሶ ዝንብ ካገኘ ይተከላል፣ ካላገኘ በሬው ታርዶ አብሮት ያልቃል። የእርስዎ ሦስት በሬዎች ምናልባት ከአንድ ሻጭ ወይም ከአንድ ቀበሌ የመጡ ይሆኑ? ቢያስታውሱት ይጠቅማል።

ስለ ዕድሜ ብዙ አልልም። በአንዳንድ ቦታ ጥጆች፣ በሌላው ያረጁት በብዛት ተይዘው ይገኛሉ። ሜዳ ላይ ብዙ ወቅት ያሳለፈ ከብት ትል የማግኘት ዕድሉም ብዙ ነው። ለማድለብ የሚገዛው የእርሻ በሬ ደግሞ ዓመታት ሜዳ ላይ የኖረ ነው።

እንግዲህ ሰባቱስ? ዛሬ ሦስቱን ከለዩ፣ እዚያው ግቢ በሌላ ጥግ ቢያስሯቸው ትርጉም የለውም፤ ዝንብ አጥር አያግዳትም። ግን ለመሸበርም ምክንያት የለም። ዛሬ አንዲት ዝንብ ከታመመው በሬ እጭ ብትልስ፣ ዝንቧ ውስጥ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ ከዚያ አዲሱ ዓይን ውስጥ ሌላ ከ3 እስከ 4 ሳምንት። በትንሹ አምስት ሳምንት አለዎት። ሁሉንም አሥሩን፣ ላሟንም ጨምሮ፣ በአንድ ቀን ካስመረመሩና ካሳከሙ ሰንሰለቱ እዚያው ይበጠሳል።

ከሕክምናው በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የሚያነባ ዓይን ሁሉ ትል የለበትም። የገብስ ጢም ወይም ገለባ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ሞራክሴላ ቦቪስ የሚባል ባክቴሪያ የሚያመጣው የዓይን በሽታም አለ፤ ይህኛው በቀናት ውስጥ የዓይኑን ብሌን ነጭ ያለብሰዋል፣ መሐሉ ይቆስላል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ቶሎ ይሄዳል። እሱንም ዝንብ ያመላልሰዋል። «ቶሎ ለያቸው» ያሉት ሁለተኛው ጎረቤት ለዚህኛው ቢሆን ኖሮ ልክ ነበሩ። ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ዓይን ላይ ተደርበው የሚገኙበትም ጊዜ አለ።

ምርመራው ቀላል ነው። በሬው ራሱ በደንብ ይያዝ፤ አፍንጫውን የሚይዝና አንገቱን የሚያዞር ሰው ያስፈልጋል። ሐኪሙ የሚያደነዝዝ ጠብታ ዓይኑ ውስጥ ያደርጋል፤ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል። ከዚያ ከአፍንጫው ወገን ያለውን ሦስተኛውን የዓይን ቆብ በለስላሳ መቆንጠጫ ቀስ ብሎ ያነሳል። ትሉ የሚደበቀው እዚያ ሥር ነው። የተገኘው ይለቀማል፤ ዓይኑ በንጹሕ የጨው ውሃ ይታጠባል። የታጠበበት ውሃ ጥቁር ሳህን ላይ ቢጠራቀም ነጩ ትል ወለል ብሎ ይታያል። ቴላዚያ ጉሎሳና ቴላዚያ ስክርጃቢኒ የሚባሉት ሌሎቹ የከብት ዝርያዎች ግን የእንባ ቱቦና ዕጢ ውስጥ ስለሚገቡ በመቆንጠጫ አይደረስባቸውም። ትል መልቀም ብቻውን የማይበቃውም ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን ወይም ሌቫሚሶል ነው። አይቨርሜክቲን በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም ከቆዳ ሥር ይሰጣል። 1 በመቶ የሆነው መርፌ ለ50 ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ነው፤ 300 ኪሎ ለሚመዝን በሬ 6 ሚሊ ሊትር። ሌቫሚሶል በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ነው። ክብደቱን በዓይን አይገምቱ፤ የደረቱን ዙሪያ በሜትር ለክተው ለሐኪሙ ይንገሩት። ከልኩ በታች መስጠት ትሉን አይገድልም። ሌቫሚሶል ላይ ደግሞ ከልክ ማለፍ አደጋ አለው።

ብዙ ሰው ቤት ያለውን የትራኮማ ቅባት ይቀባል። ቴትራሳይክሊን ነው፤ ዓይኑ ከቆሰለ ለባክቴሪያው ይረዳል፣ ትሉን ግን ምንም አያደርገውም። ጨው መነስነስ፣ የትንባሆ ውሃ ማንጠብጠብ፣ ቅጠል አኝኮ እንትፍ ማለት ግን ይቅር። የቆሰለ ብሌን ላይ እንደዚያ ተደርጎ በሬው ዕውር ሲሆን ጥፋቱ በትሉ ይመካኛል። ኮርቲዞን ያለበት የዓይን ጠብታም ቁስለት ካለ ያባብሰዋል፤ ሳያስመረምሩ አይግዙ።

ለዝንቡ በከብቱ ጀርባ ላይ የሚፈስ ዴልታሜትሪን ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ይገኛል። መለያው እንደሚለው ይጠቀሙ። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ማፍሰስ ዝንቡን ያለማምደዋል፤ ስለዚህ ዝንብ በሚበዛባቸው ሳምንታት ብቻ ይሁን። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲበረታ በሬዎቹን ጥላ ያለው፣ ጨለም ያለ ጋጥ ውስጥ ማቆየትም ምንም ወጪ የለውም። ደግሞም እየደለቡ ያሉ በሬዎች ሜዳ ለሜዳ መዞራቸው ሥጋቸውን ነው የሚቀንሰው።

ልጆቹ ይያዛሉ ወይ ብለው ባይጠይቁም ቤት ውስጥ መነሳቱ አይቀርም። እጅግ አልፎ አልፎ ሰው ላይ ይገኛል፣ እሱም በዝንቧ በኩል ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ተመራማሪዎች የ26 ዓመት ወጣት ታሪክ አሳትመው ነበር። ኦሪገን ግዛት ከብት በሚረባበት አካባቢ ፈረስ ስትጋልብና ዓሣ ስታጠምድ ሰንብታ፣ ከዓይኗ 14 ቴላዚያ ጉሎሳ ወጣላት። ይህ የከብት ትል በሰው ላይ ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር። ትሎቹ ከወጡ በኋላ ዓይኗ ዳነ። እረኛው ልጅ ፊቱን ይታጠብ፣ ዝንብ ዓይኑ ላይ ሲያርፍ «ይቺ ደግሞ» ብሎ አይተዋት።

የገናው ጉዳይ ይቀራል። ትሉ ሥጋ ውስጥ አይገባም፤ በትሉ የተነሳ የሚጣል ሥጋ የለም። የሚከለክለው የመድኃኒቱ ቅሪት ነው። 1 በመቶ የአይቨርሜክቲን መርፌ ከተሰጠ በኋላ በሬው ሳይታረድ የሚቆይበት ጊዜ እንደ አምራቹ ከ4 እስከ 7 ሳምንት ይደርሳል፤ ትክክለኛው ቀን ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። አሁን ጥቅምት አጋማሽ ላይ ከወጉ እስከ ታኅሣሥ 29 ከሁለት ወር በላይ ስላለ ረጅሙ ቀን እንኳ ያልፋል። ኅዳር መጨረሻ ድረስ ካቆዩት ግን ከአይቨርሜክቲን ይልቅ የመቆያ ጊዜው በአብዛኛው አጠር ወደሚለው ሌቫሚሶል መሄድ ይኖርብዎታል፣ ወይም ጠርሙሱ ላይ ያለው ቀን ከፈቀደ በሬውን ለጥምቀት ማዘግየት። ላሟ የምትታለብ ከሆነች አይቨርሜክቲን አይወጓት፤ ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩት። የተወጋበትን ቀንና የመድኃኒቱን ስም ከእያንዳንዱ በሬ መለያ ጋር ደብተር ላይ ይጻፉ። ቀኑ ሳይሞላ የሚገዛ ከመጣም ለገዢው ይንገሩት።